ካላፍራና፦ አውሮፕላን እንደ ጀልባ በገመድ የሚታሰርበት የማልታ ወደብ

የቢርዜቡጃው

ሰላም ለሁላችሁ። ማልታ ከገባሁ ዘጠነኛ ዓመቴ ነው። የመጀመሪያዎቹን ወራት እንደ ብዙዎቻችን ሐል ፋር፣ ስደተኞች በሚቆዩበት ሰፈር አሳለፍኩ፤ ከዚያ ወጥቼ ቢርዜቡጃ በምትባለው የባሕር ዳር መንደር ቤት ተከራየሁ። ከመኝታ ክፍሌ መስኮት የኮንቴይነር ወደቡ ክሬኖች ይታያሉ። ሌሊት መብራታቸው እስከ አልጋዬ ይደርሳል።

ባለፈው ሰሞን አብሮኝ የሚሠራ ማልታዊ ሽማግሌ ክሬኖቹን በጣቱ እያሳየ «አባቴ እዚያ የአውሮፕላን ሞተር ይጠግን ነበር» አለኝ። የሐል ፋርን አሮጌ አውሮፕላን ማረፊያ ስለማውቅ፣ እሱን ማለቱ መስሎኝ ነበር። «አይደለም» አለኝ፤ «ካላፍራና ነው። አውሮፕላኖቹ ውኃ ላይ ነበር የሚያድሩት።» ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሥራ ስመለስ የማደርገው ስለዚህ ቦታ ማንበብ ብቻ ሆነ። ያገኘሁትን ላካፍላችሁ፤ የምጠይቀውም አለኝ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ማልታ ላይ የመጀመሪያው በረራ የተደረገው የካቲት 13 ቀን 1915 ነው። አርክ ሮያል የተባለችው የባሕር አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ወደ ዳርዳኔልስ ጦርነት ስትሄድ ቫሌታ ታላቁ ወደብ ጎራ አለች፤ ከጫነቻቸው አውሮፕላኖች አንዱን ውኃ ላይ አውርደው አስነሱት። ለደሴቷ ሰው እንግዳ ትርኢት ነበር፤ ለእንግሊዞቹ ግን መንገድ ላይ የተደረገ ሙከራ ብቻ።

በቀጣዩ ዓመት ጉዳዩ መረረ። ሚያዝያ 27 ቀን 1916 ራስል የተባለችው ትልቅ የጦር መርከብ ማልታ አፍንጫ ሥር ሰመጠች። ያሰመጣት አንድ የጀርመን ሰርጓጅ መርከብ ሹልክ ብሎ የቀበረው የባሕር ፈንጂ ነው። ማልታ ያኔ የእንግሊዝ የሜዲትራኒያን ባሕር ኃይል ዋና ቤት ነበረች፤ በገዛ ደጃፏ ይህ ሲሆን ዝም ማለት አይቻልም። ሰርጓጅ መርከብን ከመርከብ ላይ ሆኖ ማየት አስቸጋሪ ነው፤ ከአየር ግን ጥላው ይታያል። ስለዚህ በዚያው 1916 ከማርሳሽሎክ የባሕር ሰላጤ አፍ አጠገብ፣ ካላፍራና በምትባለው ጠረፍ ላይ ሃንጋር (የአውሮፕላን መጠለያ) ተሠራ፤ ከሃንጋሩ ወደ ውኃው የሚወርድ የሲሚንቶ ተዳፋትም ተዘረጋ። የባሕር አውሮፕላን ጣቢያው እንዲህ ተጀመረ።

እኔን ያስገረመኝ ቀጥሎ የመጣው ነው። ማልታ ደን የላትም፤ ድንጋይና ቁልቋል ናት። ሆኖም የባሕር ኃይሉ የመርከብ ማደሻ ሠራተኞች ከ1917 መጨረሻ ጀምሮ ኤፍ 3 የተባሉ በራሪ ጀልባዎችን እዚሁ መሥራት ጀመሩና 18 አስረከቡ። ሆዱ ከእንጨት የተሠራ፣ ክንፉ በጨርቅ የተሸፈነ፣ ከክንፍ ጫፍ እስከ ክንፍ ጫፍ 31 ሜትር የሚደርስ፣ ሁለት የሮልስ ሮይስ ሞተር የሚጎትተው ግዙፍ ነገር ነው። ንድፉ የጆን ሲረል ፖርት ነው፤ ጤናው አስቸግሮት ከባሕር ኃይል በጡረታ የወጣ፣ ጦርነቱ ሲመጣ የተመለሰ መኮንን።

ጥያቄዬ ይኸውና። እኔ በየቀኑ የማየው ባሕር ነው። ከደቡብ ምሥራቅ ነፋስ ሲነሣ ሰላጤው ይታመሳል፤ ዓሣ አጥማጆቹ ዓይን የተሣለባቸውን ጀልባዎቻቸውን ሁለት ሦስት ገመድ ጨምረው ያስራሉ። ከእንጨትና ከጨርቅ ለተሠራ አውሮፕላን ይህን ቦታ ማን መረጠው?

እውነት_ፈላጊ

ጥሩ ተጽፏል። ግን ይህ ከእኛ ጋር ምን ያገናኘዋል? የእንግሊዝ ጦር ሰፈር ታሪክ ለእንግሊዞች ይቅርላቸው።

አሮጌው መካኒክ

ልጄ የቢርዜቡጃው፣ እጅህን ይባርከው። እኔ ከሠላሳ ዓመት በላይ አዲስ አበባ አውሮፕላን ስጠግን ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። በራሪ ጀልባ ነክቼ አላውቅም፤ ያስተማሩን አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ግን ወጣትነታቸውን በዚሁ ሥራ ያሳለፉ ስለነበሩ ትምህርቱ ሲሰለቻቸው ወደዚያ ይሄዱ ነበር። የነገሩንን ልናገር።

ነፋሱን ለሌላ ሰው ልተወውና መጀመሪያ «ለምን ውኃ?» የሚለውን እንይ። በ1916 የነበረ ሞተር ጉልበቱ ትንሽ ነው። ቦምብና ነዳጅ ጭኖ፣ አራት ሰው ይዞ ለመነሣት ረጅም መንደርደሪያ ይፈልጋል። የማልታ እርሻ ደግሞ በድንጋይ ካብ የተቆራረጠ መሬት ነው ይባላል። ባሕር ግን ካብ የለውም፤ ነፋሱ ከየትም ቢመጣ ፊትህን ወደ እሱ አዙረህ ትነሣለህ። ሞተር ቢጠፋብህ ከሥርህ ያለው ሁሉ ማረፊያ ነው፤ ቢያንስ ወረቀቱ ላይ።

ከውኃ መነሣት ግን ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። የአውሮፕላኑ ሆድ እንደ ጀልባ ነው፤ ከመሐሉ ላይ ግን እንደ ደረጃ የተቆረጠ ቦታ አለው። እርጥብ ብርጭቆ ሌላው እርጥብ ብርጭቆ ውስጥ ገብቶ እምቢ ሲላችሁ አይታችኋል? ውኃም የአውሮፕላንን ሆድ እንደዚያ ይይዘዋል። ያ ደረጃ ከሥር አየር እያስገባ መያዣውን ያላቅቀዋል፤ ያኔ አውሮፕላኑ በደረጃው ጠርዝ ላይ ብቻ እየተንሸራተተ ፍጥነት ያገኛል። ደረጃው ባይኖር እስከ ሲሲሊ ድረስ ቢንደረደርም አይነሣም።

ሌላው፣ ሰው የሚፈራው ማዕበሉን ነው፤ አብራሪ ግን ጸጥ ያለውንም ውኃ ይፈራል። እንደ መስታወት የረጋ ውኃ ላይ ሲያርፍ ከፍታውን በዓይኑ መለካት አይችልም። ገና አሥር ሜትር የቀረው መስሎት ይገባበታል፤ ወይም ደርሻለሁ ብሎ በአየር ላይ ፍጥነቱን ይጨርሳል። መፍትሔው ቀላል ነበር፦ የወደቡ ሞተር ጀልባ ቀድሞ ይወጣና ማረፊያውን እየተመላለሰ ያናውጠዋል። አብራሪው ያን መስመር አይቶ ያርፋል።

ካረፈ በኋላ ነው የመካኒኩ መከራ የሚጀምረው። ወደ ተዳፋቱ ለማውጣት ሰዎች እስከ ደረታቸው በሚደርስ የጎማ ልብስ ውኃ ውስጥ ይገቡና ጎማ ያለውን ጋሪ ከሆዱ ሥር ያስሩለታል፤ ከዚያ በጅራቱ ይጎተታል። ካልወጣ ደግሞ ሞተሩ እዚያው መልሕቁ ላይ እየተወዛወዘ ይጠገናል። አስተማሪያችን መፍቻቸውን ሁልጊዜ በክር ከአንጓቸው ጋር ያስሩ ነበር። «ባሕር የወሰደውን መሣሪያ አይመልስም» ይሉናል። እኛ መሬት ላይ ቆመን ስንሠራ፣ እሳቸው ግን በዚያ ዕድሜያቸውም ክሩን አልተዉም።

ባሕረኛው

ጋሼ፣ ስለ ነፋሱ እኔ ልመልስ፤ እርስዎም ትተውልኛል። ባሕር ዳር ተምሬ መርከብ ላይ ከወጣሁ ስድስት ዓመት ሆነኝ፤ ማርሳሽሎክ በኮንቴይነር መርከብ አምስት ጊዜ ገብቻለሁ።

ማልታ ላይ አዘውትሮ የሚነፍሰው ከሰሜን ምዕራብ የሚመጣው ነፋስ ነው። ማርሳሽሎክ ያለው በደቡብ ምሥራቅ ጥግ ስለሆነ ደሴቷ ራሷ ጀርባዋን ሰጥታ ትከልለዋለች። በጣም የሚፈራው የክረምት ዓውሎ ነፋስ ደግሞ ከሰሜን ምሥራቅ ይመጣል፤ ቅዱስ ጳውሎስን መላጥያ ላይ የጣለው ያ ነው ይባላል። እሱ በቀጥታ የሚመታው የቫሌታን ወገን ነው። በዚያ ላይ ታላቁ ወደብ በጦር መርከብ የተጨናነቀ፣ ዙሪያው በምሽግ ግንብ የታጠረ ነው፤ 31 ሜትር ክንፍ ይዞ እዚያ ውስጥ መንደርደር የማይታሰብ ነው። ስለዚህ መራጮቹ ሞኞች አልነበሩም። ከአራቱ ነፋሳት ለአንዱ በሩን ክፍት ትተው ለቀሩት የዘጉ ናቸው።

ያ አንዱ ግን ሲመጣ ይመጣል። አለን ኮብሃም የሚባለው ዝነኛ አብራሪ በ1927 መጨረሻ አፍሪካን ሊዞር ሚስቱንና ባልደረቦቹን ይዞ፣ ሲንጋፖር በተባለች በራሪ ጀልባ ማልታ ደረሰ። ካላፍራና ላይ ባሕሩ ተቆጥቶ ጠበቀው። ከክንፉ ጫፍ ሥር ያለው ተንሳፋፊ ተነቅሎ ሄደ። ያኔ ክንፉ ውኃ ውስጥ እንዳይዘፈቅ ሰዎች በሌላኛው ክንፍ ላይ ወጥተው እንደ ሚዛን ድንጋይ ተቀመጡ። እንደዚያ ተንጠልጥለው ከወጡ በኋላ፣ ተዳፋቱ ላይ ሲጎትቷት ማዕበሉ የታችኛውን ክንፍ ሰባበረው። ጥገናው ሳምንታት ወሰደ፤ ጉዞው የቀጠለው ጥር 1928 ነው። በጨርቅ በተሸፈነ ክንፍ ላይ፣ በማዕበል መሐል፣ ጫማቸውን አውልቀው የተቀመጡትን ሰዎች አስቡ። ጫማቸውን ማውለቃቸውን እኔ ነኝ የጨመርኩት፤ እኔ ብሆን አወልቅ ነበር።

ዛሬ በወደቡ አፍ ላይ ረጅም ሞገድ ሰባሪ ግድብ ስላለ እኛ ተኝተን እናድራለን። ታኅሣሥ 1989 ቡሽና ጎርባቾቭ የቀዝቃዛውን ጦርነት ሊያበቁ የተገናኙት እዚሁ ሰላጤ ውስጥ መርከብ ላይ ነው። ማዕበሉ ስለበረታ ቡሽ ከመርከቡ መውረድ አቅቶት የከሰዓቱ ስብሰባ ተሰረዘ። ዓለምን ለሁለት የተካፈሉት ሰዎች አንድ ሰላጤ ውስጥ ተቀምጠው መተያየት ተሳናቸው።

ቃል_መርማሪ

የቢርዜቡጃው፣ መልሱ እኮ ስሙ ላይ ተጽፏል። «ማርሳ» የመርከብ ማረፊያ ማለት ነው፤ በኤርትራ የቀይ ባሕር ዳርቻ ከምናውቃት መርሳ ፋጥማ ጋር አንድ ቃል ነው። «ሽሎክ» ደግሞ የደቡብ ምሥራቁ ነፋስ ነው። የነፋሱን ስም ይዞ የሚጠራ ወደብ ነው፤ የድሮዎቹ ዓሣ አጥማጆች ማስጠንቀቂያውን ለጥፈውበት ሄደዋል።

የማልታ ቋንቋ ከዓረብኛ የወጣ ሴማዊ ቋንቋ መሆኑን ብዙ ሰው አያውቅም። ባሕርን «ባሐር» ይላሉ። ሞት «ሜውት» ነው። ራስ ያው «ራስ» ነው፤ ወደ ባሕር የገባ የመሬት ጫፍንም እንደዚያው ይጠሩታል። ዳቦ «ሖብዝ» ነው፤ የእኛን ኅብስት አስቡ። እውነት_ፈላጊ «ከእኛ ጋር ምን ያገናኘዋል» ያልከው ቢያንስ ዳቦ ቤት ስትገባ ይገለጥልሃል።

የቢርዜቡጃው

ቃል_መርማሪ፣ እኔ ስመጣ ያደናገረኝ ቁጥሩ ነው። የመጀመሪያ ቀን ገበያ ቲማቲም ሻጩ «ሐምሳ» ሲለኝ ሃምሳ ዩሮ መስሎኝ ጥዬ ልሄድ ነበር። ለካ አምስት ማለቱ ነው።

ባሕረኛው፣ ተባረክ፤ አሁን ገባኝ። ወደ ታሪኩ ልመለስ።

ጦርነቱ ሲያበቃ ካላፍራና አልተዘጋም፤ አዲስ ለተቋቋመው የእንግሊዝ አየር ኃይል ተላለፈ። በ1923 ሐል ፋር ላይ የመሬት አውሮፕላን ማረፊያ ሲከፈት ሁለቱ ጎረቤታሞች ሆኑ፤ አንዱ ጎማ ላላቸው፣ ሌላው ለተንሳፋፊዎቹ። በ1929 ደግሞ 202ኛው ስኳድሮን ካላፍራና ላይ ተቋቋመ። ከዚያ በኋላ ያሉት ጥቂት ዓመታት የልምምድ፣ የመርከብ አጀባና የጎብኚ ባለሥልጣን አቀባበል ናቸው፤ ብዙም አላጓጓኝም።

1935 ላይ ስደርስ ግን ቆምኩ፤ የምናውቀው ታሪክ ከሌላ አቅጣጫ መጣብኝ። ሙሶሊኒ አገራችንን ለመውረር ጦሩን በስዊዝ ቦይ ሲያጓጉዝ እንግሊዞች ከኢጣሊያ ጋር ጦርነት ሊነሣ ይችላል ብለው ሰጉ። ማልታ ከሲሲሊ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው የምትርቀው። ስለዚህ የሜዲትራኒያን መርከቦቻቸውን ከማልታ አውጥተው አብዛኛዎቹን ወደ እስክንድርያ አዛወሩ። በዚያው ሰሞን፣ መስከረም 1935፣ በሰሜን ጠረፍ ማግታብ ላይ 61 ሜትር ርዝመት ያለው፣ እንደ ጎድጓዳ ሣህን የታጠፈ የሲሚንቶ ግድግዳ ተሠርቶ አለቀ። ሥራው ከሲሲሊ የሚመጣ አውሮፕላንን ድምፅ እየሰበሰበ ማዳመጥ ነው። ዛሬም ቆሟል። የአካባቢው ሰው «ኢል ዊድና» ይለዋል፤ ጆሮው ማለት ነው። ሄጄ አይቼዋለሁ። ፊቱ ቆሜ ስልኬ ሲጮህ ድምፁ ከግድግዳው ተመልሶ ሌላ ሰው የተጠራ መስሎኝ ዞርኩ።

ቃል_መርማሪ

ዊድና፦ በግእዝ «እዝን»። ከዚህ በላይ አልናገርም፤ ሱሴ እንዳይነሣብኝ።

ወለላ

እኔ ደግሞ ለእውነት_ፈላጊ የምመልሰው አለኝ፤ ታሪክ አስተምራለሁ፣ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲነሣ ዝም ማለት አልችልም።

ሰኔ 17 ቀን 1932 ዓ.ም.፣ በፈረንጅ ሰኔ 24 ቀን 1940፣ ከእንግሊዝ ደቡብ ጠረፍ አንዲት ሰንደርላንድ በራሪ ጀልባ ተነሣች። ውስጧ አራት ዓመት በስደት የኖሩት ጃንሆይ አሉ። አብረዋቸው ልዑል መኮንን፣ ሎሬንሶ ታዕዛዝ፣ ወልደ ጊዮርጊስ ወልደ ዮሐንስ እና ጋዜጠኛው ጆርጅ ስቲር ነበሩ። የንጉሡ ስም ለምስጢር ሲባል ተቀይሮ «ሚስተር ስትሮንግ» ተብሏል፤ ብርቱው ሰውዬ እንደማለት ነው። ፈረንሳይ እጅ የሰጠችበት ሳምንት ነው፤ ኢጣሊያ ጦርነት ካወጀች ገና ሁለት ሳምንቷ ነው። አውሮፕላኗ በጨለማ በርራ ነዳጅ ለመሙላት ያረፈችው ማልታ ላይ ነው። በማልታ የሰንደርላንዶች ቤት ደግሞ የትኛው ነበር? የቢርዜቡጃው ከመስኮቱ የሚያየው ካላፍራና። በማግስቱ እስክንድርያ ወደብ ላይ አረፉ፤ የተቀበሏቸው ቻፕማን አንድሩስ ናቸው፤ ከወረራው በፊት ሐረር ላይ የእንግሊዝ ቆንስል የነበሩ።

እስቲ ይህን ከ1935ቱ ጋር አያይዙት። በእኛ ምክንያት በተነሣው ስጋት መርከቦቹ ማልታን ለቀው ወደ እስክንድርያ ሄዱ። ከአምስት ዓመት በኋላ የእኛ ንጉሥ በዚያው መስመር፣ ከማልታ ወደ እስክንድርያ፣ ወደ አገራቸው የሚመለሱበትን ጉዞ አደረጉ። የኢጣሊያ ቦምብ በየቀኑ በሚወርድባት ደሴት ላይ ነዳጅ ቀድተው።

እውነት_ፈላጊ

ወይዘሮ ወለላ፣ ይቅርታ ይደረግልኝና ጃንሆይ የተጓዙት በእንግሊዝ የጦር መርከብ ነው። ከጅቡቲ ወደ ሃይፋ እንደሄዱ በትምህርት ቤት ተምረናል።

ወለላ

ያ ሲሰደዱ ነው፤ በ1936። ኢንተርፕራይዝ የተባለችው መርከብ ከጅቡቲ ወደ ሃይፋ፣ ኬፕታውን የተባለችው ደግሞ ከሃይፋ ወደ ጂብራልታር ወስዳቸዋለች። እኔ የምልህ ሲመለሱ ነው። የመሄዱ ታሪክ ሁልጊዜ ይነገራል፤ የመመለሱ ግን ከኦሜድላ ነው የሚጀመረው። ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ኦሜድላ ላይ ሰንደቅ ዓላማ ከመስቀላቸው በፊት ወደ ሰባት ወር የሚጠጋ ደጅ ጥናት አለ። እስክንድርያ ሲደርሱ እንኳ የሱዳን ሹሞች አልተዘጋጀንም ብለው ዋዲ ሃልፋ ላይ አቆይተዋቸዋል። በራሪ ጀልባዋ ብትፈጥንም ቢሮክራሲው አልፈጠነም።

እውነት_ፈላጊ

ተረትቻለሁ። ይቀጥል።

አሮጌው መካኒክ

ወይዘሮ ወለላ ሰንደርላንድን ካነሡ እኔ ዝም አልልም። አራት ፔጋሰስ ሞተር፣ ከ34 ሜትር በላይ ክንፍ፣ ሁለት ፎቅ ያለው ሆድ። ከታች ምግብ የሚበስልበት ምድጃና የሚተኛበት አልጋ አላት። ዘንግቼው ነበር፦ የባሕር አውሮፕላን ውኃ ላይ ፍሬን የለውም። ሰንደርላንድን ለማቆም ሠራተኞቹ በሁለቱም ጎን ባሉት የማዕድ ቤት መስኮቶች የሸራ ከረጢት ወደ ውኃ ይወረውራሉ፤ ከረጢቱ ውኃ ሞልቶ ወደ ኋላ ይይዛታል። ወደ ግራ መዞር ከፈለጉ የግራውን ብቻ ይጥላሉ። ፊት ለፊት ያለው የመትረየስ ማማ ደግሞ ወደ ኋላ ተንሸራትቶ ቦታ ይለቅና አንዱ ሠራተኛ ወጥቶ በረጅም ዘንግ ተንሳፋፊውን ማሰሪያ ይይዛል። ከወጥ ቤት መስኮት ፍሬን የሚይዝ አውሮፕላን! እንዲህ ያለ ነገር እጄ ሳይነካው መሞቴ ነው የሚቆጨኝ።

የጦርነቱን ጊዜ የሚያውቅ ካለ ይንገረን።

የቢርዜቡጃው

ጋሼ፣ ዕድሜ ይስጥዎ፤ ሞትን ምን አነሣው።

የጦርነቱ ታሪክ ረጅም ስለሆነ ካላፍራናን የነካውን ብቻ ልናገር። ጦርነቱ ሲመጣ ማልታ አንድም ተዋጊ አውሮፕላን አልነበራትም። ካላፍራና ግን በሣጥን ታሽገው የተቀመጡ ግላዲየተር አውሮፕላኖች ነበሩ፤ ግሎሪየስ የተባለችው አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ትታቸው የሄደቻቸው፣ ጊዜ ያለፈባቸው ባለ ድርብ ክንፍ። ከሣጥን አውጥተው ገጣጠሟቸው። ሰኔ 11 ቀን 1940 ማለዳ፣ ጦርነቱ በታወጀ ማግስት፣ የኢጣሊያ ቦምብ ጣዮች ሲመጡ የገጠሟቸው እነዚያ ናቸው። ሕዝቡ ሦስቱን እምነት፣ ተስፋና ፍቅር ብሎ ሰየማቸው። ጃንሆይ ማልታ ሲያርፉ ሰማዩን ከሚጠብቁላቸው መካከል እነዚህ ከሣጥን የወጡ አሮጌዎች ነበሩ ማለት ነው።

የካላፍራና መጥፎ ዘመን በ1941 መጀመሪያ መጣ። የጀርመን አየር ኃይል ሲሲሊ ገባ። ሰንደርላንድ አየር ላይ ስትሆን ራሷን ትከላከላለች፤ መልሕቅ ላይ ስትሆን ግን የታሰረች ላም ናት። ተዋጊዎቹ ዝቅ ብለው እየመጡ ሰላጤው ላይ የታሰሩትን በመትረየስ ደበደቧቸው። አንዳንዶቹ ተቃጠሉ፣ አንዳንዶቹ ሰመጡ፤ የተረፉትም ወደ ሌላ ቦታ ተወሰዱ። ባሕረኛው ከሦስት ነፋሳት ተከልሎ ለአንዱ ክፍት ነው ያለው ወደብ ለላዩ ምንም ክዳን አልነበረውም።

አንድ የሚያስቅ ነገር ልጨምር። በዚያው 1941 ሄንክል 115 የተባለ የጀርመን ሥራ የባሕር አውሮፕላን ካላፍራና ላይ ለእንግሊዞች ይሠራ ነበር። ኖርዌይ ስትያዝ አምልጦ የመጣ ነው። ሰላዮችን ወደ ሰሜን አፍሪካ ጠረፍ ለማድረስ ከዚህ የተሻለ አልተገኘም፤ ጠላት አይቶት የራሱ ይመስለዋል። ችግሩ የራሳቸው ተኳሾችም አይተው የጠላት ይመስላቸዋል።

ከጦርነቱ በኋላ የባሕር አውሮፕላን ዘመን እየከሰመ ሄደ። ጦርነቱ ራሱ በየአገሩ ረጅም የሲሚንቶ ሜዳ አንጥፎ ሄዷል፤ ማን ከእንግዲህ ጨው እያጠበ ይኖራል? ካላፍራናም በ1946 ለባሕር አውሮፕላን አገልግሎት ተዘጋ። እንግሊዞች በ1979 ማልታን ጨርሰው ለቀቁ። የኮንቴይነር ወደቡ የተመሠረተው በ1988 ነው፤ የተዘረጋውም በቀድሞው ጣቢያ ላይ ነው።

ባሕረኛው

ወደቡ ጥልቅ እንዲሆን ወለሉ ተቆፍሯል። ከሥሩ የወጣው አሸዋ የት እንደተጣለ ታውቃለህ? ቢርዜቡጃ ባሕር ዳርቻ ላይ። አንተ እሑድ እሑድ የምትቀመጥበት አሸዋ የካላፍራና ባሕር ወለል ነው።

የቢርዜቡጃው

ይህን አላውቅም ነበር! ቆይ፣ እሑድ ሽማግሌውን ልጠይቀው።

የቢርዜቡጃው

ተመልሻለሁ። እሑድ ጠዋት ከሽማግሌው ጋር ቫሌታ ቅዱስ ኤልሞ ምሽግ ያለውን የጦርነት ሙዚየም አየን። እምነት የተባለችው ግላዲየተር እዚያ አለች፤ ክንፍ የላትም፣ አካሏ ብቻ ነው የቀረው። ሽማግሌው አጠገቧ ሲቆም ባርኔጣውን አወለቀ። እኔም ባርኔጣ ባይኖረኝም እጄን ከኪሴ አወጣሁ።

ከሰዓት በኋላ ወደ ቢርዜቡጃ ተመልሰን እስከ ወደቡ አጥር ድረስ ሄድን። ከአጥሩ ወዲያ ቀይ፣ ሰማያዊና አረንጓዴ ኮንቴይነር እንደ ፎቅ ተደርድሯል። እሱ ግን ኮንቴይነሮቹን እንዳላየ እጁን እየዘረጋ «ሃንጋሩ እዚህ፣ ተዳፋቱ እዚያ፣ ምግብ ቤቱ ከወዲያ» ይለኛል። እዚህ ያወራነውን አስታውሼ ጠየቅኩት፦ አባትህ ስለ ኢትዮጵያ ንጉሥ ነግሮህ ያውቃል? ትንሽ አሰበና «አባቴ ስለ ንጉሥም ስለ ጄኔራልም አላወራኝም» አለኝ። «እስኪሞት ድረስ የሚያወራው አዲስ መፍቻ በተሰጠው በሦስተኛው ቀን ባሕር ውስጥ ስለጣለበት ነው። ከደመወዙ ቆረጡበት።»

ጋሼ፣ የእርስዎን አስተማሪ ክር አስታወስኩና ነገርኩት። በጣም ሳቀ።

አሮጌው መካኒክ

ስንት ቁጥር መፍቻ ነበር?

የቢርዜቡጃው

አልጠየቅኩትም። ነገ እጠይቀዋለሁ።

ባሕረኛው

ጠይቀው። ከዚያ አካፋ ይዘህ ባሕር ዳርቻው ላይ ውረድ፤ አሸዋው ውስጥ ይኖራል።